ጭሱን ለመቀነስ የደሀውን ምድጃ ማጥፋት አያስፈልግም

(በአንድ የሕዝብ ውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገረው ስለ ካርቦን ነው። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ጤፉ ጣራ ነክቶ፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ደርሶ አንተ ስለ ካርቦን ታወራልናለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። እኔንም እዚህ ያቆመኝ ይኸው ጉዳይ ነው። በአገራችን በአየር ንብረት ስም የሚወጣ መመሪያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሂሳቡ የሚወራረደው ከጤፉና ከኪራዩ በተረፈችው ሳንቲም ነዋ! ስለዚህ ጥያቄው «ካርቦን ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?» አይደለም። ይቀነስ! ጥያቄው በስንት ብር፣ ከማን ኪስ፣ በምን ያህል ፍጥነት የሚለው ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ዓለምን ያሞቅናት እኛ አይደለንም። አንድ አሜሪካዊ በዓመት ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ ወደ 14 ቶን ይጠጋል። የኢትዮጵያዊው ድርሻ ከአንድ ቶን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታሞቹ አገሮች ለድሆቹ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ ገንዘቡ አልሞላም፤ ሞላ የተባለው ዘግይቶ በ2022 ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው።

«ታዲያ ዕዳው የእኛ ካልሆነ ለምን እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። የእኛ ካርቦን ሌላውን ከመጉዳቱ በፊት የሚጎዳው እኛኑ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ለከሰል የሚጨፈጨፈው ዛፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ለቤንዚን የምንከፍለው ዶላር መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛበት ዶላር ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ገንዘብ ሰጠም አልሰጠም፣ ብልህ መንግሥት ለገዛ ሕዝቡ ሲል የሚሠራው ሥራ አለ። ጭሱንም ወጪውንም በአንድ ጊዜ የሚቀንሰውን መርጦ ከእሱ መጀመር!

እሺ፣ ጭሳችን ከየት ነው የሚወጣው? ይህንን እኔ አልነግራችሁም፤ መንግሥት ራሱ ጽፎታል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን እንደነበረ፣ በነበረው አካሄድ ከቀጠልን ደግሞ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያድግ ይናገራል። ከዚያው ከ150 ሚሊዮኑ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከከብትና ከእርሻ ነው። ከመቶ 37ቱ ከደን መጨፍጨፍና ከማገዶ ነው። ትራንስፖርትስ? ከመቶ 3 ብቻ!

ይህችን ሦስት ቁጥር አደራ ያዙልኝ። በኋላ ትፈለጋለች።

በጥር 2016 ዓ.ም. ምን ሰማን? ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ተባለ። ልብ በሉ፤ እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። መብራታችን ከመቶ 90 በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ድንጋይ ከሰል አንድዶ መኪና ቻርጅ ከሚያደርግ አገር ይልቅ ለእኛ የኤሌክትሪክ መኪና ያምርብናል። ቀድሞም ለእነዚህ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሥቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ 15 በመቶ፣ ለሚገጣጠመው ከዚያ ያነሰ ተደርጎ ነበር። ይህ ጥሩ ነበር! ሰውን በጥቅም መጥራት ማለት ነው። የፈለገ ይገዛል፣ ያልቻለ ባለው ይቆያል።

ክልከላው ግን ሌላ ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ተሽከርካሪው ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ከከተማ ሲወጡ ቻርጅ ማድረጊያው ብርቅ ነው። የሚጠግነው መካኒክ ከጣት አይዘልም። ለእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተሰጥቶ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ነጋዴውም ገዢውም ተዘጋጅቶ ቢሆን ማን ይቃወም ነበር? በድንገት ሲሆን ግን በመጀመሪያ የሚጠቀመው አሮጌ መኪና በእጁ ያለው ሰው ነው፤ የአሮጌው ዋጋ ይወደዳልና። ሕዝቡም ያንን ጢሳም አሮጌ ይዞ ይቆያል። ጭስ ለመቀነስ የወጣው መመሪያ አሮጌውን ጢሳም መኪና ዕድሜ ቀጠለለት ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገሬ ሰው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺን ሦስት ቁጥር አስታውሱ። ይህ ሁሉ ጩኸት ለመቶው ሦስት ነው። ለ37ቱስ?

ወገኖቼ፣ የአገራችን ትልቁ ፋብሪካ ሦስት ጉልቻ ነው። ጭስ ማውጫ የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ሠራተኛዋ ደመወዝ የላትም። አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚጋግረውና የሚቀቅለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ ወደ ጎን እየወጣ ይባክናል። ከሰል ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በባህላዊው መንገድ አፈር አልብሶ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይነዳል።

መድኃኒቱ አልጠፋም። «ምርት» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከበው ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በወር አሥር ሸክም እንጨት የምትፈጅ ሴት በአምስት ትወጣለች ማለት ነው። የአምስት ሸክም ብር ይቀራል። ወይም አምስት ጊዜ ጫካ መውረድ፣ አምስት ጊዜ ጀርባ መጉበጥ ይቀራል። ለከሰሉም «ላቀች» አለች፤ እሷም ከመቶ 25 ያህል ትቆጥባለች። ይህ ነው እንግዲህ እኔ ርካሽና ልከኛ ፖሊሲ የምለው። ዶላር አይጠይቅም፣ የውጭ ኤክስፐርት አይጠይቅም፣ ማንንም አይከለክልም። በየወረዳው ለወጣት ቅርጽ ሰጥቶ ማሠራት፣ ጥራቱን መቆጣጠር፣ ለደሀዋ ደግሞ በቁጠባና ብድር ተቋም በኩል በትንሽ በትንሹ የምትከፍልበትን መንገድ ማበጀት፤ ሌላ ምን አለው?

መንግሥትም ይህንን ያውቃል። በስትራቴጂው ቶሎ ይሠራሉ ከተባሉት አራት ሥራዎች አንዱ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን ምድጃ ይዳረሳል ተብሎ ታቅዶ ነበር። እንግዲህ እንደ ዜጋ እንጠይቅ። ከዘጠኙ ሚሊዮን ዛሬ እንጀራ የሚጋግረው ስንቱ ነው? በየትኛው ወረዳ? ተሰባብሮ ጓሮ የተጣለውስ? ለምርቃት ሪባን የማይመች ሥራ ስለሆነ ነው መሰለኝ ዜናው የተረሳው። ምድጃ ፎቶ አያምርም።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። «ግድቡ አለቀ፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይጋግር» የሚሉ አሉ። መልካም ምኞት ነው። እስቲ ግን እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንዲት እናት በወር አሥር ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር 15 ሰዓት ነው። 15 በ3.5 ሲባዛ 52 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ መጨመር ሲጀምር በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው ደሀ ጭማሪው እንዳይነካው ተደርጎ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ማመስገን ያለብንን እናመስግን። ግን አያችሁት? እንጀራ መጋገሩ ብቻውን ከሃምሳው ያስወጣታል! አምፖሉ፣ ሬዲዮው፣ ስልኩ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ምን ታደርጋለች? መብራት ቤቷ ገብቶ እያለ ተመልሳ እንጨት ትገዛለች።

እዚህ ላይ ነው ልከኛ ፖሊሲ የሚያስፈልገው። የደሀውን ጣሪያ ምጣዱን እስከሚያካትት ድረስ ከፍ ማድረግ። ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚጣለውን ግብር ለመኪናው እንዳነሡት ሁሉ ማንሣት። መኪናው ቀረጥ ከተቀነሰለት ምጣዱ ምን በደለ? ደግሞም ከሚመነጨው ኃይል ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል በመንገድ ላይ፣ ባረጀ ሽቦና ትራንስፎርመር ይባክናል። ያንን መጠገን ሌላ ግድብ ከመገደብ የረከሰ ነው። ኅብረተሰቡም ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላየም። ለእሱ ደግሞ ምድጃው ይቅደም፣ መስመሩ ይከተል።

ቀላል ነገር ይሠራል ስላችሁ ከራሳችን ምሳሌ ልስጥ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። መንግሥት የናፍጣ ጄኔሬተር እስከ መከራየት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ለሕዝቡ አደለ። ባለ 60 ዋቱ አምፖል በባለ 11 ዋት ሲተካ 49 ዋት ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን አምፖል በአንድ ጊዜ ቢበራ 49 ሜጋ ዋት ነው! የአንድ ትንሽ ግድብ ያህል ኃይል ከአምፖል ተገኘ ማለት ነው። ማንም አልተከለከለ፣ ማንም አልተቀጣ። እንዲያውም የሕዝቡ ሂሳብ ቀነሰ።

ስለ ዛፉም ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረን። ዛፍ መትከል ክፉ ነው የሚል ሰው የለም። ግን ችግኝ የሚቆጠረው በተተከለበት ቀን ነው ወይስ በሦስተኛው ክረምት? ወላይታ ውስጥ ሑምቦ የሚባል ወረዳ አለ። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ የሠራው ሥራ ምን መሰላችሁ? አብዛኛው ሥራ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች ያልሞተውን የድሮ ጉቶ ፈልጎ፣ ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካራውን መርጦ፣ ሌላውን መግረዝና ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነበር። ገበሬው በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ የመጠቀም መብቱ ተሰጠው። የዓለም ባንክ ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ተራራው ለበሰ።

ሚስጥሩ የት ላይ ነው? ባለቤትነቱ ላይ ነዋ! ገበሬው «ይህ ዛፍ የእኔ ነው፣ ነገ ካድሬ መጥቶ አይነጥቀኝም» ሲል ራሱ ይጠብቃል። የደን ጠባቂ ደመወዝ አያስፈልግም። በዘመቻ የተተከለ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ችግኝ ግን የፍየል ቀለብ ነው። ለመንግሥት ከሁሉም የረከሰው የካርቦን ፖሊሲ ለገበሬው የመጠቀሚያ መብቱን በወረቀት ማረጋገጥ ነው። ወረቀትና ማኅተም ነው ወጪው!

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንግባ፤ ወደ ነዳጅ ዋጋ። የምጣኔ ሀብት ሰዎች «ጭስ ውድ ይሁን፤ ሰው ራሱ ይቀንሳል» ይላሉ። በመርሕ ደረጃ ልክ ናቸው። አፈጻጸሙ ግን አገር ያናጋል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 የነዳጅ ድጎማውን በአንድ ሌሊት አነሣች። ሊትሩ ከ65 ናይራ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ አገር ቆመ፣ መንግሥትም በሳምንታት ውስጥ ዋጋውን ወደ 97 ናይራ መለሰ። ፈረንሳይ በ2018 የነዳጅ ታክስ እጨምራለሁ ብላ ባለ ቢጫ ሰደርያዎቹ መንገድ ዘጉባት፤ ጭማሪውን ተወችው። ድሀም ሀብታምም አገር ላይ ትምህርቱ አንድ ነው። ገጠር የሚኖረውን፣ አውቶቡስ የሌለውን ሰው «ከፍለህ አረንጓዴ ሁን» ብትለው አረንጓዴውን ይጠላዋል።

የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2008 ሌላ መንገድ ሞከረች። ካርቦን ላይ በቶን 10 ዶላር ጣለች። በየዓመቱ አምስት አምስት እየጨመረች በ2012 30 ዶላር አደረሰችው። የሚሰበሰበውን ገንዘብ በሌላ በኩል በገቢ ግብር ቅነሳና ለዝቅተኛ ገቢ በሚከፈል ገንዘብ ለሕዝቡ መለሰች። ቀስ በቀስ፣ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ተመላሽ ሆኖ! ያም ሆኖ በ2025 የተራው ሸማች ካርቦን ታክስ በፖለቲካ ነፋስ ተነሥቷል። ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ሕዝብ የተመለሰለትን በእጁ ቆጥሮ ካላየው ታክሱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

እኛ ጋስ? በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የታለመ ድጎማ በሚል ለውጡ ሲጀመር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ለሕዝብ ማመላለሻዎች ድጎማው በቴሌብር እንዲቀጥል ተደረገ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ እኔ ከምለው ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀና፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእጥፍ በላይ! ደመወዝስ በእጥፍ አደገ? ከድጎማው የተረፈው ገንዘብ የት ገባ? ስንት አውቶቡስ ተገዛበት? ስንት ምድጃ ተሠራበት? ይህ በዓመቱ መጨረሻ በጋዜጣ ላይ በቁጥር ቢወጣ ኖሮ ሕዝቡ ቢያማርርም ይታገሥ ነበር። «ለአረንጓዴ ልማት» የሚል መፈክር ደረሰኝ አይሆንም።

ትልቅ ነገር ገዝቶ መርሳትም ሌላው በሽታችን ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ አብዛኛው በቻይና ብድር፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 41 ባቡር ነበረው። በውኃ ኃይል የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው፣ ደሀው በጥቂት ብር የሚሳፈርበት፤ ከዚህ የተሻለ የካርቦን ፖሊሲ ከየት ይመጣል? ግን ዓመታት ሳይቆጠሩ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ብድሩ ግን አልቆመም። አንድ ባቡር መጠገን ስንት የቅንጦት መኪና ከማስገባት እንደሚበልጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

ልደምድም። «ቀስ ማለት ጊዜ ማባከን ነው፤ ዓለም እየነደደች ነው» የሚሉ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። ልባቸውን አከብራለሁ። ድርቁን አይተናል፤ ጎርፉንም አይተናል። ነገር ግን ልከኛ ማለት ሰነፍ ማለት አይደለም። በአንድ ሌሊት ታውጆ በሁለተኛው ዓመት ከሚሻር አዋጅ ይልቅ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚሄድና ሕዝቡ የሚደግፈው ሥራ ብዙ ጭስ ይቀንሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ብር ብዙ ጭስ የሚቀንሰው ሥራ ይቅደም፤ ምድጃው፣ ጉቶው፣ የሚባክነው ሽቦ፣ የቆመው ባቡር። ሁለተኛ፣ ክልከላና ታክስ ሲመጣ ከዓመታት በፊት ይነገር፤ ከተነገረም አይዋዥቅ። ሦስተኛ፣ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ማካካሻው በደሀው እጅ ይግባ፤ ከጨመረ በኋላ አይደለም። አራተኛ፣ በየዓመቱ የወጣው ብር፣ የተቀነሰው ጭስ፣ የጸደቀው ችግኝ በቁጥር ይታተም። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ይህን ማተም የሚያስፈራ አይመስለኝም።

እነዚህ አራቱ የገዢም የተቃዋሚም አይደሉም። የቤት እመቤት ሂሳብ ናቸው። እሷ ከገበያ ስትመለስ ያወጣችውን ታውቃለች፣ የቀረውን ታውቃለች፣ ነገ የሚቀድመውን ታውቃለች። አገርም እንዲሁ ቢተዳደር ሰማዩም ይጠራል፣ ማጀቱም አይጎድልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወገኖቼ!